በዝግ ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ ማውጣት

በዝግ ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ማውጣት፣ አንደኛው አፉ ክፍት ሆኖ ሁለተኛው ጫፉ ድፍን በሆነ የብረት ቀዳዳ ግድግዳ ላይ፣ ብሎን የሚገባበትን ጠመዝማዛ መስመር በቶርኖ የመቅረጽ ጥበበ እድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲና አቃቂ በተዘረጋው የፋብሪካና የጋራዥ ሰፈር፣ መለዋወጫ የጠፋበት ወይም ዋጋው የከበደበት ባለመኪና ደጁን የሚመታው የቶርኖ ቤት ስለ ሆነ፣ ይህ ሙያ በዚያ አካባቢ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል።

ቀዳዳው ከወዲያ ወዲህ የተበሳ ቢሆን የቶርኖው ስለት ሥራውን ፈጽሞ በባዶ ቦታ በወጣ ነበር፤ በዝግ ቀዳዳ ግን ፊት ለፊቱ ድፍን ብረት ይጠብቀዋል። ስፋቱ 24፣ የጥርሱ ርቀት 3 ሚሊሜትር የሆነ ጥርስ፣ በደቂቃ 100 ዙር በሚሽከረከር ቶርኖ ሲወጣ፣ ስለቱ በሴኮንድ 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ስለሚነጉድ፣ ባለሙያው በግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ስለቱ 2.5 ሚሊሜትር አልፎ ድፍኑን ብረት መትቶ ይሰበራል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋጀው ቀዳዳው ነው። ለተጠቀሰው ልክ ወደ 21 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ይኸውም ከብሎኑ ስፋት ላይ የአንዱ ጥርስ ርቀት ሲቀነስ የሚገኘው መጠን ነው። በቀዳዳው መጨረሻ ደግሞ ስፋቱ 24.5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ወርዱም ከጥርሱ ርቀት ሁለት ተኩል እጥፍ የማያንስ ቀለበት ይጎደጎዳል። ይህ ቀለበት የስለቱ ምዕራፍ ነውና፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የሚተው አይደለም። የጥልቀቱ ልክ በስለቱ ዘንግ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ዓይን ወደ ውስጥ ማየት ባይችል ምልክቱ የቀዳዳው አፍ ሲደርስ ያያል። በየመመላለሱም የብረቱ ፍቅፋቂ ከቀዳዳው ተጠርጎ መውጣት አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን ሥራውን ከውስጥ ወደ ውጭ መምራት ነው። ስለቱ ፊቱ ወደ ታች ተገልብጦ ይታሰርና በቀለበቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቶርኖው ወደ ኋላ ሲሽከረከር ስለቱ እየቆረጠ ወደ ክፍቱ አፍ ይወጣል፤ የጥርሱም አቅጣጫ ያው የቀኝ ሆኖ ይቀራል። እጅ ቢዘገይ እንኳ ስለቱ የሚገናኘው ከባዶ አየር ጋር ነው። ሆኖም የብረት መያዣው በራሱ ጥርስ ተጠምዝዞ ብቻ በገባበት አሮጌ ቶርኖ ላይ የኋሊት መሽከርከር መያዣውን ፈትቶ ሊጥለው ስለሚችል፣ በእንዲህ ያለው ማሽን ይህ መንገድ ክልክል ነው።

የጥርሱ ማዕዘን በሚሊሜትር ሥርዓት 60 ዲግሪ፣ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ባቀረበው ሥርዓት ግን 55 ዲግሪ ነው፤ ሁለቱ ለዓይን ቢመሳሰሉም ተስማምተው አይጠብቁም። ስለዚህ ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄድ ሰው ልኩን በቃል ከመናገር ይልቅ ብሎኑን ራሱን ይዞ ይሂድ።