ወገበ ቀጭኗ የነፍስ አድን ሬዲዮ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ላይ የወደቀ አውሮፕላን ሠራተኞች ከመስጠም ተርፈው የጎማ ጀልባ ላይ ቢወጡ እንኳ፣ ያቺን ጀልባ በሰፊው ውኃ ላይ ከሰማይ ሆኖ ለይቶ ማየት እጅግ አዳጋች ስለ ነበር፣ የመትረፍ ተስፋቸው ያሉበትን ማሳወቅ በመቻላቸው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለዚህ ቀድመው መላ ያበጁት ጀርመኖች ናቸው፤ ኤን ኤስ ጂ 2 የተባለው በእጅ የሚዞር አስተላላፊያቸው እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ፣ እንግሊዞች ቲ 1333ን፣ አሜሪካውያን ደግሞ ኤስ ሲ አር 578ን በዚያው አርአያ ሠሩ። ጠላት ለገዛ ወገኑ ያዘጋጀው መሣሪያ በዚህ መንገድ የተፋላሚዎቹንም ነፍስ ለማዳን ዋለ።

አሜሪካ ሠራሹ ሬዲዮ ቢጫ ቀለም የተቀባ ሆኖ ከላይና ከታች ሰፋ፣ ከመሐል ጠበብ ያለ ነው፤ ወታደሮቹም ሠዓሊው ቻርለስ ዳና ጊብሰን ይሥላቸው በነበሩት ወገበ ቀጫጭን ወይዛዝርት አስመስለው «ጊብሰን ገርል» አሉት። ቅርጹ ግን ለውበት የተመረጠ አይደለም። ማዕበል በሚያናውጠው ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሣጥኑን በሁለት ጭኖቹ መሐል አጥብቆ ይዞ፣ በላዩ ያለውን መዘውር በእጁ እንዲያዞር የታሰበ ነው። መዘውሩ ሲዞር የውስጡ ጀነሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪ ስለሌለው የሚያልቅበት ነገር የለም፣ ከሰውየው ጉልበት በቀር። በዚያው ዙር የሚንቀሳቀስ ጥርስ ያለው መንኮራኩር የኤስ ኦ ኤስን ምልክት በራሱ ስለሚያስተላልፍ፣ የሞርስ ፊደል ፈጽሞ የማያውቅ ሰው እንኳ የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማት ይችል ነበር።

ጥሪው የሚተላለፈው በ500 ኪሎ ኸርዝ ድግግሞሽ ነበር፤ ድግግሞሽ ማለት ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚወዛወዝበት ብዛት ነው። ይህ ቁጥር ለመርከበኞች የተከበረ ነበር። በየሰዓቱ ከ15ኛው እስከ 18ኛው፣ እንዲሁም ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ ድረስ የባሕር ጣቢያዎች ሁሉ ዝም ብለው ደካማ ጥሪ ካለ ያደምጡ ነበር፤ በመርከብ የሬዲዮ ክፍል የተሰቀለው ሰዓትም እነዚያን ደቂቃዎች በቀይ ቀለም ለይቶ ያሳይ ነበር። የሞገዱ ርዝመት 600 ሜትር ያህል በመሆኑ አንቴናው ረጅም መሆን ስላለበት፣ ከመሣሪያው ጋር 90 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን ሽቦ፣ ነፋስ ሲኖር ሽቦውን የሚያነሣ ካይት፣ ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ በሃይድሮጂን የሚሞላ ፊኛ ይሰጥ ነበር።

ዛሬ እነዚህን ሬዲዮዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊጠነቀቁ የሚገባው ከዚሁ ከፊኛው ዕቃ ነው። ሃይድሮጂን ያመነጭ የነበረው ቆርቆሮ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በኃይል የሚብላላ ኬሚካል የያዘ ስለሆነ፣ በዘመናት ብዛት ዝጎ ሊሆን የሚችለውን ያንን ቆርቆሮ ለማወቅ ጓጉቶ መክፈት ቃጠሎ መጋበዝ ነው፤ ታሽጎ የተገኘ ከሆነ በአደገኛ ኬሚካል ለሠለጠኑ ሰዎች ማስረከብ ይገባል። ጀነሬተሩም ከ300 ቮልት በላይ ያመነጫል፤ መዘውሩ ቆሞም ቢሆን ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ የሆነው ካፓሲተር ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሳያራግፉት ውስጡን መንካት አይገባም።

ሌላው አደጋ የሚያሰጋው ሰብሳቢውን ሳይሆን ሌላውን ሰው ነው፤ መዘውሩ ዛሬም ቢዞር ሬዲዮው የሐሰት የድረሱልኝ ጥሪ ሊያሰማ ይችላልና። መርከቦች ወደ ሳተላይት ሥርዓት የተሻገሩት እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም 500 ኪሎ ኸርዝ ባለቤት አልባ አልሆነም፤ በኋላ የተሠሩት የነፍስ አድን መሣሪያዎች የሚሠሩበት 121.5 ሜጋ ኸርዝም፣ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2009 ጀምሮ መከታተሉን ቢያቆሙም፣ አውሮፕላኖች ዛሬም ያደምጡታል። የሐሰት ጥሪ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ታይቷል፤ በዚያ አንድ የተበላሸ ቴሌቪዥን በዚሁ ድግግሞሽ ሞገድ በመርጨቱ ሳተላይት ሰምቶት የነፍስ አድን ሠራተኞች ከፖሊስ ጋር እስከ ባለቤቱ ደጃፍ ድረስ መጥተዋል። ሰው ሳያውቅ የሆነው ይህን ካስከተለ፣ አውቆ መዘውር ማዞርማ በእውነት በችግር ላይ ካለ ሰው እርዳታን መንጠቅ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው አሠራሩን ጠብቆ ድምፁን ማፈን አለበት። ቫልቭ የሚባሉት የመስታወት ቱቦዎች ከወጡ አስተላላፊው ሞገድ ሊያመነጭ አይችልም፤ የከፍተኛ ቮልቱን መስመርም አብሮ መለየት ያስፈልጋል፣ ጭነት የሌለበት ጀነሬተር ቮልቱ ከልክ በላይ ሊወጣ ይችላልና። ጥርስ ያለው መንኮራኩር ግን እንደ ቀድሞው ስለሚዞር፣ ከትንሽ ባትሪና ከጩኸት ማሰሚያ ጋር ቢያያዝ፣ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ድምፅ አንድም ሞገድ ከክፍሉ ሳይወጣ ለጎብኚ ይሰማል። አዲስ ቀዳዳ መብሳትና የተበየደ ሽቦ መቁረጥ ግን ታሪኩን ማጉደል ስለሆነ ተገቢ አይደለም፤ የወጣው ቫልቭ ሁሉ ከየትኛው ቦታ እንደተነቀለ በወረቀት ተጽፎበት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እዚያው ሣጥን አጠገብ ሊቀመጥ ይገባል።