ከእንዝርት እስከ ሪያድ፤ የሴት ሥራና የዓለም ገበያ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ይነግሩናል፤ ቤት ተቀምጣ እንዝርት ስለምታሾር ሴት ግን የሚሉት ጥቂት ነው። ሆኖም የሩቅ አገር ንግድ ወደ ኩታበር ደጋ ሲገባ በመጀመሪያ የነካው የእርሷን እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ ይህን ነገር ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቀድሞ ዘመን የቤተ ሰብ ልብስ የሚጀምረው ከእናት እጅ ነበር። ጥጥ ከቆላ በገበያ ይመጣል፤ ሴቲቱ ትዳምጠዋለች፣ ትነድፈዋለች፣ ባዘቶውን ትፈትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሸማኔው ይሸምነዋል። ሸማኔው ዋጋውን ይቀበላል፤ የፈታይዋ ድካም ግን «የቤት ሥራ» ተብሎ ሳይቆጠር ይቀራል። በ1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ተከፈተ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ አቡጀዲና የፋብሪካ ክር በየገበያው እየበዛ ሄደ። ልብስ በመርከሱ ድኻው ተጠቀመ፤ ሴቲቱም ከሌሊት ፈትል ጥቂት ዐረፈች። ዳሩ ግን ፈትሏን ሸጣ ጨውና በርበሬ ትገዛ የነበረችው ሴት ገበያዋን አጣች።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከነዳጅ ነው። በሳዑዲ ዐረብያ ነዳጅ የተገኘው በ1930 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1966 ዓ.ም. ዋጋው በድንገት በናረ ጊዜ የባሕረ ሰላጤው አገሮች እጅግ በለጸጉ፤ ከሩቅ ምሥራቅም ሠራተኛ ማስመጣት ጀመሩ። በእኛ አገር በደርግ ዘመን ወደ ውጭ መውጣት አስቸጋሪ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን መንገዱ ተከፈተ፤ በአዋጅ ቁጥር 104/1990ም የግል አገናኝ ድርጅቶች ሕጋዊ ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞችዋን ወደ ሳዑዲ መላክ ስታቆም፣ አሠሪዎቹ ፊታቸውን ይበልጥ ወደ ኢትዮጵያ አዞሩ። እንግዲህ ጃካርታ ላይ የተወሰነ ነገር የወሎ ልጃገረድን ሻንጣ አስያዛት ማለት ነው።

ከዚህ ጉዞ የተገኘውን ጥቅም መካድ አይገባም። ከተላከው ገንዘብ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ታናሽ ወንድም ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ቀድሞ በቤተ ሰብ ምክር ያልተጠየቀች ልጅ ዛሬ «እርሷ ምን አለች?» ይባልላታል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። «ከፋላ» በተባለው ሥርዓት ሠራተኛይቱ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ እንዳትለውጥ ታስራ ኖራለች። በ2006 ዓ.ም. የእኛ መንግሥት ጉዞውን ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዐረብያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ክልከላው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ደግሞም እመቤቲቱ ከቤት ወጥታ መሥራት የቻለችው ልጅዋን የእኛ እኅት ስለያዘችላት ነው፤ የእኅታችንን ልጅ ደግሞ እዚህ አያትዬው ትይዛለች። የአያትየዋን ድካም የሚከፍል ማንም የለም።

ሦስተኛው ለውጥ ፋብሪካው ራሱ ወደ እኛ መምጣቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ፣ በ2009 ዓ.ም. ከደሴ ቁልቁል የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በልብስ ስፌቱ የተቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የሠራተኛዪቱ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደ ነበረ ገልጿል። ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ አነሣች። በጦርነቱ እጅዋ የሌለበት ሰፊ የዕለት እንጀራዋ ተነካ።

ከእኔ ጋር ዘጠነኛ ክፍል የነበረች አንዲት ጓደኛዬ ዛሬ በዐረብ አገር በቤት ሥራ ላይ ናት። በስልክ ስንነጋገር «የዕረፍት ቀንሽ መቼ ነው?» ብላት ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። የዓለም የሥራ ድርጅት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ባወጣው 189ኛ ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲሰጥ ደንግጓል። ይህ በሪያድ ይፈጸም ዘንድ መጠየቃችን የተገባ ነው። ነገር ግን የራሳችንን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስናነብ፣ ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሲሰጥ፣ የግል አገልግሎት የምትሰጠውን የቤት ሠራተኛ በልዩ ደንብ ትተዳደራለች ብሎ ወደ ጎን ትቷታል። ለሪያድ የምንጠይቀውን ደሴ ላይ አልጀመርነውም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ጓደኞቼም፤ ከእንዝርት እስከ ሪያድ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። ገበያው የሴትን ሥራ ሦስት ጊዜ ለውጦታል፤ በቤት ውስጥ የሚሠራውን ግን እንደ ሥራ ሳይቆጥር አልፏል። እኛም አብረን አልቆጠርነውም። ቆጠራውን ዛሬ ማታ ከየቤታችን እንጀምር፤ ውኃ የቀዳው፣ እንጀራ የጋገረው፣ ሕመምተኛ ያስታመመው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ይህን ያወቀ ተማሪ ነገ ሕግ አውጪ ወይም አሠሪ ሲሆን፣ የሠራተኛዋን የዕረፍት ቀን አይረሳም።