እንስሳን ይዞ ስለ መጓዝ፤ ከመቅደላ ዘመቻ እስከ ጥንቸል ሣጥን

መግቢያ

በአገራችን ታሪክ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ጭነቱን ስለ ተሸከመው እንስሳ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣና በሚወርድ መንገድ እንስሳን ሳይሞትና ሳይጎሳቆል ካሰቡበት ማድረስ የሚቻለው በምን ዘዴ ነው?

ለጥያቄው ምክንያት የሆነን የቤት ጥንቸል ነው። ጥንቸልን በሣጥን ማሳደግ በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ፣ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ጥንቸል ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ምክር የሚጠይቀው ሽማግሌ በቀላሉ አያገኝም። ስለ በቅሎ ቢጠይቅ መካሪው ብዙ ነው፤ ስለ ዶሮም ቢጠይቅ ገበያ የምትወጣ እናት ሁሉ ታስተምረዋለች። ስለ ጥንቸል ቢጠይቅ ግን መልሱ ሣቅ ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ ከሰሜን በባሽሎ፣ ከምዕራብ በዓባይ የተከበበው ይህ ደጋ ስለ እንስሳ ጉዞ ታላቅ ምስክር አለው፤ እርሱም የመቅደላ ዘመቻ ነው። ስለዚህ ከትልቁ ተነሥተን ወደ ትንሹ ለመድረስ እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የዙላ በቅሎዎች

የእንግሊዝ መንግሥት በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒዬር የሚመራ ጦር በላከ ጊዜ፣ 13,000 ያህል ወታደር፣ 26,000 ያህል ጓዝ ተከታይና ከ40,000 በላይ እንስሳት ተሰናድተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው የዙላ ጠረፍ ወረዱ።

በዚያ የሆነው ነገር ለመንገደኛ ሁሉ ትምህርት ነው። በቅሎዎቹ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከእስፓኝ፣ ከኢጣልያና ከሌላም አገር ተገዝተው መጡ፤ እነርሱን የሚጠብቁት ሰዎች ግን ቍጥራቸው ያነሰ፣ በየወደቡም በችኮላ የተቀጠሩ ነበሩ። ብዙዎቹ የበቅሎ ጠባይ አያውቁም፤ እርስ በርሳቸውም በቋንቋ አይግባቡም። የዙላ ጠረፍ ውሃ ስላልነበረው ለሰውም ለእንስሳም የሚጠጣው የባሕር ውሃ በመርከብ ላይ በእንፋሎት እየተጣራ ነበር። ከመርከብ የወረዱት በቅሎዎች ከእስራታቸው እየተፈቱ ውሃ ፍለጋ በበረሃው ተበታተኑ፤ ብዙዎቹም በጥም አለቁ።

በዚህ ላይ በሽታ ተጨመረ። ዛሬ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ተብሎ የሚታወቀው ደዌ በጠረፉና በቆላው ገብቶ ፈረሶችንና በቅሎዎችን ፈጀ። ይህ በሽታ በጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች የሚተላለፍ መሆኑን የኋላ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ፈረስን እጅግ ያጠፋል፤ በቅሎን ከዚያ ባነሰ መጠን ይገድላል፤ አህያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። እንግዲህ ከሩቅ አገር በብዙ ገንዘብ የመጣው እንስሳ ሲወድቅ፣ የአገሩ ሰዎች በማርያ ቴሬዛ ብር እየተከፈላቸው በአህያቸውና በበሬያቸው ስንቁን ሲያመላልሱ ታዩ። እነዚህ እንስሳት አገሩንም አየሩንም ለምደውታል፤ ባለቤቶቻቸውም አብረዋቸው ይሄዱ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው እነዚያን በቅሎዎች የገደላቸው የመንገዱ ርዝመት አለመሆኑን ነው። ጉዞው ገና አልተጀመረም ነበርና። የገደላቸው የጠባቂ እጦት፣ የውሃ እጦትና አየሩን አለመልመድ ነው።

አርባ አራቱ ዝሆኖች

ከዚሁ ጦር ጋር ከቦምቤይ በመርከብ ተጭነው 44 ዝሆኖች መጥተዋል። ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ የሚችል ግዙፍ እንስሳ ነው፤ በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ቢደናገጥ መመለሻ የለውም። በዚህ ምክንያት ቀድሞ ይጠፋል ተብሎ የሚገመተው ከበቅሎ ይልቅ ዝሆን ነበር። ነገሩ ግን እንደዚህ አልሆነም፤ ከዝሆኖቹ የሞቱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የቀሩት ከባዱን የአርምስትሮንግ መድፍና አዳፍኔ ተሸክመው በአንጣሎ፣ በአሸንጌና በዋድላ አድርገው ወደ መቅደላ አቅራቢያ ደረሱ።

ምክንያቱን ስንመረምር ከሁሉ በፊት የምናገኘው ጠባቂውን ነው። ዝሆን ከሕንድ ሲነሣ ጠባዩን የሚያውቅ፣ እርሱም ድምፁን የሚለየው የራሱ ነጂ አብሮት ይሄዳል። የሚበላውንም፣ የሚጠጣውንም፣ የሚያርፍበትንም ሰዓት የሚያውቀው ይኸው ሰው ነው። የዙላ በቅሎ በሺህ ከሚቈጠሩት አንዷ ስትሆን፣ ዝሆን ግን ጌታ ነበረው ለማለት ይቻላል።

ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በየካቲት 1860 ዓ.ም. ከናፒዬር ጋር በተገናኙ ጊዜ ተከታዮቻቸው ለሰው የሚታዘዝ ዝሆን አይተው ተደነቁ። ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ግን አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ዓመት የቢዛንታይን መልክተኛ የአክሱምን ንጉሥ በአራት ዝሆኖች በሚሳብ ሠረገላ ላይ እንዳያቸው የማላላስ ዜና መዋዕል ይናገራል። ያ ጥበብ ከመቶ ዓመታት በኋላ የተረሳው ዝሆን ከአገሩ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ዕውቀቱን የሚወርስ ጠባቂ ስለ ታጣ ይመስለናል።

ንጉሡ የሠሩት መንገድ

በዚያው ወራት ከወዲያኛው ወገን ሌላ ጉዞ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ አመሩ። ይህን መድፍ የጎተተው ሰው ነው። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየሳቡ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው በጅጣ ገደል፣ ከዚያም በደላንታ አድርገው ባሽሎን አሻገሩት። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው፤ በመጋቢትም ከመቅደላ ሥር ደረሱ።

በዚህ ላይ ታሪክ የሚያሳዝን ነገር ይነግረናል። ንጉሡ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ለጠላታቸው ጠቀመ። የናፒዬር ጦር በዋድላ ላይ ይህን መንገድ አግኝቶ በእርሱ ወደ ጅጣና ወደ ባሽሎ ወረደ። ሚያዝያ 3 ቀን በስቅለት ዕለት በአሮጌ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በዚያው አለ፤ እንግዲህ የሚያነሣው እንስሳ የለምና።

ከጉዞው የተረፉት እንስሳትስ ምን ተሸከሙ? ከመቅደላ የተዘረፈውን የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ ጽዋና ሌላም ንዋየ ቅድሳት ወደ ደላንታ ሜዳ ለማድረስ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። ስለዚህ የእንስሳት አያያዝን ጥበብ ስናደንቅ ጥበቡ ለምን እንደ ዋለም መርሳት አይገባንም። በሚገባ የተጠበቀ እንስሳ የጌታውን መልካም ሥራም ሆነ ክፉ ሥራ እኩል ይሸከማል።

መንገደኛው እንስሳ ለአገር ሲያሠጋ

እስከ አሁን ያየነው መንገድ እንስሳን እንዴት እንደሚጎዳ ነው። ግን መንገደኛ እንስሳም አገርን ሊጎዳ ይችላል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች ለጦራቸው ከሕንድ ባስመጧቸው የታመሙ ከብቶች አማካይነት የከብት እልቂት በምጽዋ ገባ። በሽታው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ እንደሚገመተው ከአገሩ ከብት ከአሥር ዘጠኙን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ዝናሙም ታጐለ፤ አንበጣና ተምችም ታከሉበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ያ መከራ ክፉ ቀን ተብሎ በወሎም በሌላውም አገር ሲወሳ ይኖራል። የከብት እልቂት ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ስለ ጥንቸልም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በ1852 ዓ.ም. አንድ ባለርስት ለአደን ብሎ ወደ አውስትራልያ ያስመጣቸው ጥቂት ጥንቸሎች በሜዳ ተለቀቁ። በኀምሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያን ሰፊ አህጉር በአብዛኛው ወረሩት፤ ሣሩንም ቡቃያውንም አጠፉት። አጥር ቢሠራ፣ መርዝ ቢዘራ ፈጽሞ ሊያጠፏቸው አልተቻለም።

የደጋው ጥንቸልና የሣጥኑ ጥንቸል

አማርኛችን ሁለት ልዩ ልዩ እንስሳትን ጥንቸል በሚል አንድ ስም ይጠራል። በደጋችን ሜዳ ላይ የምናየው የዱር ጥንቸል ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ዓይነትም አለው። ልጁ ጠጕር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል፤ ጉድጓድም አይቈፍርም። የቤት ጥንቸል ግን ትውልዱ ከእስፓኝ አገር ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ዕራቁቱን፣ ዓይኑ ሳይገለጥ ይወለዳል፤ ከሰውም ጋር መኖር የለመደ ይህኛው ነው። ስለዚህ ከሜዳ የተያዘውን በቅርጫት አድርጎ መውሰድ ማስጨነቅ እንጂ ማላመድ አይሆንም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ ከማይበሉት ተቈጥሯል፤ የአገራችን ምእመናንም ይህን ሥርዓት ጠብቀዋል። ጥንቸል እንደ በሬ የሚያመሰኳ ባይሆንም፣ ከራሱ የሚወጣውን ለስላሳ ፋንድያ መልሶ ስለሚበላ ምግቡን ሁለት ጊዜ ያሳልፋል። ይህ ነገር ለመንገደኛው ጠቃሚ ዕውቀት ነው፤ የጥንቸል ሆድ ሥራውን ካቆመ እንስሳው ይሞታልና። ግማሽ ቀን ያህል ምግብ ያልቀመሰ ጥንቸል በአደጋ ላይ ነው።

እንግዲህ የመቅደላን ትምህርት በጥንቸል ላይ ብናውለው የሚከተለውን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ጠባቂው አንድና የታወቀ ይሁን። በቅሎ ሲከፋት ትራገጣለች፤ ጥንቸል ግን ሲታመም ዝም ይላል። ዝም ማለቱን ደኅንነት አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ በየጊዜው ሣጥኑን ገልጦ መብላቱንና አተነፋፈሱን መመልከት ያስፈልጋል። በጆሮው ማንጠልጠል ፈጽሞ ክልክል ነው። አንዱን እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሁለተኛውን ከታፋው ሥር አድርጎ መያዝ ይገባል፤ በኋላ እግሩ በኃይል ሲራገጥ የገዛ አከርካሪውን ሊሰብር ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ማደሪያው ከጉዞው በፊት ይለመድ። ጥንቸል ስለት ጥርስ ስላለው ቅርጫትን አኝኮ ይወጣል፤ ሽቦ የተወጠረበት የእንጨት ሣጥን ይሻላል። ሲዞር የማይጨናነቅበት፣ ሲተኛ የሚዘረጋበት ያህል ይስፋ፤ ገለባ ይነጠፍለት፤ አየር ሳይዘጋ በጨርቅ ይጋረድ። ጥቂት ቀን አስቀድሞ በዚያ ቢበላና ቢያድር በመንገድ ላይ አይሸበርም።

ሦስተኛ፣ ምግብና ውሃ አይቋረጡበት። ድርቆሽ ሁልጊዜ ከፊቱ ይኑር። ውሃ በሚንገጫገጭ መኪና ላይ ስለሚደፋ፣ መኪናው በቆመ ቍጥር ማጠጣት፣ እርጥብ ሣርም መጨመር ይገባል። ምግቡን ግን በጉዞ ዋዜማ በድንገት መለወጥ ሆዱን ያውካል።

አራተኛ፣ አየሩን ማወቅ ነው። ጥንቸል አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ይበልጡን በጆሮው ነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ለሕይወቱ ያሠጋል። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ደጋ ስለ ሆነ የሚያስፈራው ዝናሙና ነፋሱ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ግን ብርዱን ይችለዋል። ከጎጃም በኩል ዓባይን ለሚሻገር ግን ቆላው ጽኑ ፈተና ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ ቀትር ሳይሆን ደጋው ላይ መውጣት ያሻል። የአውቶቡስ ጣራም ሆነ ፀሓይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና በማናቸውም መንገድ ላይ የጥንቸል ማደሪያ አይደለም።

አምስተኛ፣ የታመመ እንስሳ ከቤት አይውጣ፤ የደረሰውም ከሌሎች ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቈይ። የሣጥኑም መዝጊያ የጠበቀ ይሁን። በቦረናና በሳይንት ደጋ የአገሩ ጥንቸል፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ አለ፤ በዚያ አካባቢ ባዕድ ጥንቸል ማምለጡ ከባለቤቱ ኪሳራ የበለጠ ጉዳይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ አንድ ነው። የእንስሳ ጉዞ የሚሳካው በእንስሳው ብርታት ወይም በዋጋው ብዛት ሳይሆን፣ ጠባዩን የሚያውቅ ጠባቂ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሲወስነው ነው። ጠባቂ ያጣችው በቅሎ በሜዳ ላይ ሞተች፤ ጠባቂ ያገኘው ዝሆን ጅጣን ተሻገረ። ያ ጠባቂ ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን እንስሳው ለሚገባበትም አገር ማሰብ እንዳለበት ክፉ ቀን አስተምሮናል። ጥንቸል ትንሽ ነው ተብሎ ይህ ኃላፊነት አያንስም። እንዲያውም ራሱን ሊያስከብር የማይችለው፣ ሲከፋውም የማይጮኸው ፍጥረት የባለቤቱን አስተዋይነት ከሌላው ይበልጥ ይፈልጋል።