ከጢስ ዓባይ እስከ ደብረ ታቦር፦ ሽቦ የሚያስከፍለው ቀረጥ

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ እስከ ደብረ ታቦር በቀጥታ ቢለካ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአሞራ ቅርብ ነው። ቤታችን በሚገባበት በ220 ቮልት ለሚጓዝ ኤሌክትሪክ ግን በጣም ሩቅ ነው። ለምን? መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ ጀርመናዊ መምህር እንሂድ።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው። በኮሎኝ ከተማ ሲያስተምር፣ በ1820ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አንድ ቀላል ጥያቄ ያዘው፦ ሽቦ ሲረዝም ከረንቱ ምን ይሆናል? የጊዜው ባትሪ ኃይሉ እየተዋዠቀ አስቸገረው። ፖገንዶርፍ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ባትሪውን ትቶ የመዳብና የቢስሙት መጋጠሚያ እንዲጠቀም መከረው። አንዱ መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሌላው በበረዶ ሲቀመጥ ትንሽ ግን የረጋ ቮልቴጅ ይገኛል። ኦም ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ የመዳብ ሽቦዎችን እያቀያየረ ከረንቱን በማግኔት መርፌ ለካ።

በ1827 ያሳተመው ሕግ ዛሬ በአንድ መስመር ይጻፋል፦ ከረንት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው። ቮልቴጅ የሚገፋው ነው፤ ከረንት የሚፈሰው፤ ሬዚስታንስ ደግሞ ፍሰቱን የሚይዘው። ሽቦው በእጥፍ ሲረዝም ሬዚስታንሱም እጥፍ ይሆናል። በአገሩ መጀመሪያ ላይ ብዙም ጆሮ የሰጠው የለም። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ግን በ1841 የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው።

ኃይልን ከቦታ ቦታ ማድረስ ለደብረ ታቦር አዲስ ጥያቄ አይደለም። እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። ኤሌክትሪክ ጎታች አይፈልግም፤ መንገዱ ላይ ግን ሽቦው ቀረጥ ይቆርጥበታል።

የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀመረ። እስቲ ከዚያ በ220 ቮልት፣ 100 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ደብረ ታቦር ያለ አንድ ምጣድ እናብራ። የደርሶ መልስ ሽቦው 120 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሬዚስታንሱ 34 ኦም ገደማ ይመጣል። የምጣዱ 14 ኦም ነው እንበል። 220 ለ48 ሲካፈል 4.6 አምፔር ብቻ! ምጣዱ ከሚፈልገው 3,500 ዋት 300 ያህሉን ብቻ ያገኛል፤ በዚህ ሙቀት እንጀራ አይጋገርም። ከዚያ ከእጥፍ በላይ የሚሆነው ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል።

መፍትሔው ቮልቴጁን መጨመር ነው። በሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው። በ66,000 ቮልት አንድ ሚሊዮን ዋት ለመላክ 15 አምፔር ያህል ይበቃል። በዚያው ሽቦ የሚባክነው 7,700 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከተማው ሲደርስ ትራንስፎርመር መልሶ ዝቅ ያደርገዋል።

ሕጉ ሰፈር ውስጥም ይሠራል። ማታ ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲሰካ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት አምፖል ይደበዝዛል። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች «ትራንስፎርመር ይቅረብልን፣ ሽቦው ይወፍርልን» ሲሉ ቅንጦት አማራቸው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የሽቦ ሜትር ከመብራታቸው ላይ እየቀነሰ ነው።