የተሻሩ ደንቦች ዕድሜ፦ ከድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርት ታሪክ

ማየት፣ መስማት ወይም እጅን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ የተሳናቸው ሰዎች በድረ ገጾች እንዲገለገሉ የሚያስችለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በባለሙያዎች ዘንድ እንኳ በስሕተት ሲነበብ የኖረ ሲሆን፣ ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ የቀደሙ እትሞች ቅሪት ናቸው። የድርን የቴክኒክ ደንቦች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የመጀመሪያው እትም፣ ገጾች ጃቫስክሪፕት (ለገጽ እንቅስቃሴ የሚሰጥ የፕሮግራም ቋንቋ) ቢዘጋም አገልግሎት እንዲሰጡ ያዝዝ ነበር። በ2008 የወጣው ሁለተኛው እትም ይህን ትእዛዝ ትቶ፣ ይዘቱ በየትኛውም ቴክኖሎጂ ቢቀርብ ሰው ሊያስተውለው፣ ሊሠራበትና ሊረዳው መቻሉን፣ ከልዩ ልዩ መሣሪያዎች ጋርም መጣጣሙን መለኪያ አደረገ፤ ስለዚህ ጃቫስክሪፕት ተደራሽነትን የሚጻረር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው የሚጠቅሰው የቀረ ደንብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደረሰው ግን የማሽን ፈተናን ያለፈ ገጽ ሁሉ ተደራሽ ነው የሚለው እምነት ነው። በ1996 ካስት የተሰኘ የአሜሪካ ድርጅት ያቀረበው ቦቢ የተባለ መፈተሻ ፕሮግራም ገጾችን መርምሮ ጉድለታቸውን ይዘረዝር ነበር፤ ሰው ራሱ ማረጋገጥ ያለበትንም ለይቶ ያሳይ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፈተናውን ያለፉ ገጾች የሚለጥፉት ምልክት ለብዙዎች የመጨረሻ ምስክር መስሎ ታየ። ማሽን ለምስል አማራጭ ጽሑፍ (ዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ በምስሉ ፋንታ በድምፅ የሚሰማው መግለጫ) መኖሩን እንጂ እውነተኛነቱን አያውቅም፤ የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥን የሚያሳይ ምስል «ምስል 3» ተብሎ ቢጻፍበት ያልፋል፣ ሰሚው ግን ምንም አያገኝም። በተቃራኒው ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል መግለጫው ባዶ እንዲሆን መስፈርቱ ሲፈቅድ፣ ሁሉም ምስል ይገለጽ የሚሉ ሰዎች አድማጩን በማይጠቅም ወሬ ያደክሙታል። ገጹ በእርግጥ ተደራሽ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ያለ መዳፊት በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ፣ ማያ አንባቢ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም፣ በተለይም ከአካል ጉዳተኛ ተጠቃሚዎች ጋር መፈተን ነው።

የመስፈርቱ ሦስት ደረጃዎችም በተመሳሳይ ይምታታሉ። ከፍተኛው ደረጃ ለአንዳንድ ይዘቶች ፈጽሞ ሊሟላ ስለማይችል፣ ሰነዱ ራሱ ለድረ ገጾች በሙሉ እንደ አጠቃላይ ግዴታ እንዲጣል አይመክርም። አስገዳጅ የሆኑት የማሟያ መለኪያዎች ብቻ ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የታተሙት የአሠራር ስልቶች ምክር ናቸው።

በጥቅምት 2023 የወጣው እትም ደግሞ ብራውዘሮች የኮድ ስሕተትን ራሳቸው ማረም በመቻላቸው የኮድ ሥርዓትን የሚመለከተውን መለኪያ ሰርዟል፤ ስለዚህም ገምጋሚ ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት በየትኛው እትም እንደሚመዝን ማወቅ ይኖርበታል።