የኦትዚ ቀኝ እጅ ምን ይናገራል?

አንድ ሰው ድንገት ቢላ ቢሰነዝርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለማሰብ ጊዜ የለም፤ እጃችሁ ቀድሟችሁ ይነሳል። ስለቱ ወይ በክንዳችሁ የውጭ ጎን ላይ ያርፋል፣ ወይ ልትይዙት ስትሞክሩ መዳፋችሁን ይቆርጣል። በፎረንሲክ ሕክምና ይህ «የመከላከል ቁስል» ይባላል። አስከሬን ሲመረመር እጅ በጥንቃቄ የሚታየውም ለዚህ ነው፦ ሟቹ አደጋውን አይቶት ነበር? ታግሏል?

ይህ ጥያቄ ከ5,300 ዓመት ገደማ በፊት ስለሞተ ሰውም ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት ጀርመናውያን ተጓዦች በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ 3,210 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከበረዶ ውስጥ ብቅ ያለ አስከሬን አገኙ። መጀመሪያ በቅርቡ የሞተ ተራራ ወጪ ነበር የመሰላቸው። ኦትዚ የተባለው በኋላ ነው።

መገደሉ ሳይታወቅ አሥር ዓመት አለፈ። በ2001 ግን በግራ ትከሻው ውስጥ የተቀረቀረ የባልጩት ፍላጻ ጫፍ በራጅ ታየ። የገባው ከኋላ ነው። ቆይቶ የተደረገ ሲቲ ስካን ደግሞ ከአንገት አጥንቱ ሥር የሚያልፈውን ደም ቅዳ እንደቀደደው አሳየ።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። በቀኝ እጁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ጥልቅ ቁርጥ አለ። ስለት በእጁ ሊይዝ የሞከረ ሰው የሚቆረጠው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቁስሉ ግን መዳን ጀምሮ ነበር! የሞተ አካል ራሱን አይጠግንም፤ ለዚህ የሚዘዋወር ደም፣ የሚባዙ ሴሎች፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ያስፈልጋል። መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔ እንዲህ ያለውን ቁስል የማየው እንደ ሰዓት ነው። በማይክሮስኮፕ የታየው ሥጋ እጁ የተቆረጠው ከመሞቱ ቀናት ቀደም ብሎ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ያገኘነው አንድ ሳይሆን ሁለት ክስተት ነው፦ መጀመሪያ ፊት ለፊት የሆነ ነገር፣ ከቀናት በኋላ ፍላጻው።

እርግጥ ቁስል ብቻውን «ማን» እና «ለምን» አይልም። ኦትዚ ያላለቀ ቀስትና ፍላጻዎች ይዞ ነበር፤ እንጨት ሲጠርብ እጁን ቆርጦም ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ግን በብዛት ወደ ግብግቡ ያደላሉ፣ እኔም እንደዚያው። በሞተበት ቀን ግን እጁ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር አልነበረም፤ እጅ የሚነሳው ዓይን ላየው ነው፣ ፍላጻው የመጣው ከጀርባው ነው። የመዳብ መጥረቢያው፣ ያኔ ትልቅ ሀብት የነበረው፣ ማንም ሳይወስደው አጠገቡ ተገኝቷል።