«ሽቅብ እዩ»፦ ስለ ደራሽ ውሃ ማስጠንቀቂያ

አምበርን አብዛኞቻችን የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከደጀን ተነስተን፣ ሉማሜን አልፈን፣ ደብረ ማርቆስ ልንገባ ስንል የምናገኛት የአነደድ ወረዳ ከተማ ነች። አንድ ክረምት ግን ወርደን አደርንባት። በማግስቱ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ ወንዝ ልንሻገር ስንል አንድ ቄስ አስቆሙን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ከአናታችን በላይም ፀሐይ ነው።

«አባ፣ ምን ችግር አለው?»

በመቋሚያቸው ወደ ጮቄ አመለከቱን። ተራራው ጠቁሯል። «ልጆቼ፣ ወንዝ ስትሻገሩ ሽቅብ እዩ። ደግሞ ሐምሌ 19 ገብቷል» አሉን።

ከተሜ ነንና አልገባንም። ለካ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ራሱ በክፍል በክፍል የተሸነሸነ ነው። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ደግሞ የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ይባላል፤ አፍላግ ማለት ወንዞች ናቸው። ሊቃውንቱ ይህን የሠሩት ለጎርፍ መከላከያ ብለው እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም እስኪ ሁለት ቀኖችን እናስታውስ።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋ ተኝታለች። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጣ። ዝናቡ የወረደው ከላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ላይ ነበር፤ ከ250 በላይ ሰው ያለቀው ግን ከታች ነው። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 7፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰው መሞቱ ተነገረ። ሁለቱም ቀኖች ቄሱ ከነገሩን ሰሌዳ ውስጥ ናቸው። (ሰሌዳው ብቻውን ግን አይበቃም፦ የጎፋው የመሬት መንሸራተት የደረሰው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሐምሌ 19 እስኪገባ አልጠበቀም።)

መንግሥትስ ሰማይን መቼ ማየት ጀመረ? የአየር ጠባይ ሥራው መጀመሪያ ያደገው በሲቪል አቪዬሽን ሥር፣ ለበረራ ተብሎ ነው። ማለትም ትንበያው ከገበሬው በፊት አብራሪውን ያውቅ ነበር። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የወቅትና የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል፤ «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ» የሚለውን ሐረግ ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ለዘር የአሥር ቀን ወሬ ይጠቅማል። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ግን አንድ ተራራ ላይ ለአንድ ሰዓት ዘርግፎ ሊጠፋ ይችላል፤ ደራሽ ውሃም ዝናቡ በጣለ በጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴ በደቂቃዎች ይደርሳል። በዚያች ጊዜ ከላይ ያለው ዝናቡን ያየ ሰው ከታች የተኛውን በምን ይቀስቅሰው? ድሬዳዋ ያለቀችው ለዚህ ጥያቄ መልስ በሌለበት ሌሊት ነው።

አባን ሰምተን ዳገቱ ላይ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ውሃው ገና አይታይም። አባ ብድግ ብለው፣ ከማዶ ከብት ለምታጠጣው ልጅ «ውጪ! አንቺ ልጅ፣ ውጪ!» እያሉ ይጮሁ ጀመር። እኛም አብረን ጮህን። ሁለት ጥጆች ቀደሙ፤ እሷም ተከትላ ወጣች።